የጥናት ፎቶዎቻችሁን ከጀልባው እስከ መመረቂያ ጽሑፉ እንዴት ታደራጃላችሁ?

ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ስለዚህ ጀልባው ደሴቱ ዳር ሲጠጋ እኔ እዚያው ቁጭ አልኩ፤ የክፍል ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ ወጣ። ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፣ ቅዳሜ። ከጀልባ ነጂው ጋር ስለ እምቦጭ ስናወራ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ጓደኛዬ 312 ፎቶ ይዞ ወረደ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ማታውኑ በቴሌግራም ላከልኝ።

በደንብ የከፈትኳቸው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ስለ መቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች ምዕራፍ ልጽፍ ስቀመጥ። አንዱ ላይ ፈረሰኛ ቅዱስ አለ። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ግን የትኛው ግድግዳ ላይ ነው? ከጎኑ ማን አለ? ከላዩስ? ደወልኩለት። "እኔ እንጃ፣ በግራ በኩል መሰለኝ" አለኝ። በምን ግራ? ስንገባ ወይስ ስንወጣ? ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ክብ ነው። ክብ ቤት ውስጥ ግራው የቱ እንደሆነ እስቲ ንገሩኝ።

እንዲህ ሜዳ ላይ የቀሩ ፎቶዎች 41 ነበሩ። የግድግዳ ሥዕል ለሚያጠና ሰው ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ራሱ ማስረጃ ነው። ምዕራብ ላይ ያለና ሰሜን ላይ ያለ አንድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የማነሳውም የማስነሳውም እዚያ ላልነበረ ሰው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ያ ሰው እኔው ራሴ እሆናለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ስህተት በኋላ የያዝኩት አሠራር ነው። ምሳሌዎቼ ከጣና ገዳማት ናቸው። ዓሣም አጥኑ፣ አፈርም አጥኑ፣ የከተማ ቤትም አጥኑ፣ መንገዱ ያው ነው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት፦ ፈቃድና ሰዓት

ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ቅርስ ላይ ጥናት ለማካሄድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። ደብዳቤው ግን በር ማንኳኪያ ብቻ ነው፤ ገዳሙ ውስጥ የሚወስኑት አባቶች ናቸው። ፍላሽ ይፈቀዳል? ዕቃ ቤት ውስጥ ማንሳት ይቻላል? ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ማውጣትስ? ሦስቱንም በግልጽ ጠይቁ። መልሱን፣ ቀኑንና የፈቀዱትን አባት ስም ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፉ። የፈቃዱን ደብዳቤ ራሱን ፎቶ አንሱትና ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መጽሔት "ፈቃድ አላችሁ?" ሲል ፍለጋ አትወጡም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ እኛ ጋ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። አንዳንዱ ሰው ካሜራውን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን "3:00" ብሎ። ካሜራው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከስልክ ፎቶ ጋር ሲደባለቅ ቅደም ተከተሉ ይተራመሳል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ወጥቶ የቆየ ካሜራ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ቀን ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ካሜራው ላይ የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሙሉ። ከዚያ አንድ ዘዴ አለች። ሥራ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ፎቶ የስልካችሁ ሰዓት ይሁን። ስልኩን ከፍታችሁ በካሜራው አንሱት። ኋላ ካሜራው 17 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ቢገኝ እንኳ ያቺ አንዷ ፎቶ ልዩነቱን ትነግራችኋለች። ዲጂካም በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሁሉንም ፎቶ ሰዓት በአንዴ ወደፊት መግፋት ይቻላል።

2. ቦታው ላይ፦ ወረቀቱ ይቅደም

አንድ ነጭ ወረቀት በወፍራም እስክርቢቶ ጻፉበት፦ "ክብራን፣ መቅደስ፣ ምዕራብ ግድግዳ፣ ረድፍ 2"። ግድግዳውን ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን አንሱ። ግድግዳ በተቀየረ ቁጥር ወረቀት ይቀየራል። ይኸው ነው። 41ዱ ፎቶ የጠፋብኝ ይህች የአምስት ብር ወረቀት ስላልነበረች ነው።

ከወረቀቱ በኋላ ከሩቅ ወደ ቅርብ ሂዱ። መጀመሪያ ሙሉ ግድግዳው፣ ቀጥሎ አንዱ ረድፍ፣ ቀጥሎ አንዱ ሥዕል፣ በመጨረሻ ፊቱ፣ እጁ፣ ጽሑፉ። ብዙ ሰው ቆንጆ ዝርዝር ያነሳና ሙሉውን ይረሳዋል። የሰማዕቱን ዓይን ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ምን ያደርግላችኋል?

ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዙረቱን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኔ ከምዕራብ በር ጀምሬ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ምሥራቅ፣ ከዚያ ሰሜን እላለሁ። ሌላ አቅጣጫ ብትመርጡ ችግር የለውም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በአንድ አቅጣጫ ዞራችሁ አዝዋ ማርያም በሌላው አትዙሩ እንጂ። "ግራ" እና "ቀኝ" የሚሉትን ቃላት ለዚያን ቀን ተዉአቸው።

ጣና ዳር ያሉት ገዳማት ብዙ ሥዕሎቻቸው በሸራ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የሸራው መጋጠሚያ፣ የተቀደደበት፣ ውኃ የወረደበት ቦታ ለብቻው ይነሳ። ያልተጎዳውን ብቻ የሚያነሳ አጥኚ ለቱሪዝም ፖስተር እየሠራ ነው።

ብራና ከሆነ ነገሩ ይለያል። ብዙ ብራናዎች የቅጠል ቁጥር የላቸውም። እናንተ ከመጀመሪያው ቅጠል ቆጥራችሁ "ቅጠል 12 ፊት"፣ "ቅጠል 12 ጀርባ" እያላችሁ ሂዱ፤ መቁጠር የጀመራችሁት ከየትኛው ቅጠል እንደሆነም ጻፉ። ብራናው ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን አትጻፉ! ሽፋኑን፣ ጀርባውን፣ ማኅደሩን፣ ባዶ የሚመስሉትን ቅጠሎችም አንሱ። ባዶ የመሰለው ቅጠል ላይ የርስት ጽሑፍ ሊኖር ይችላል።

ሁሉም ነገር አጠገብ ማስመሪያ ይኑር። የጣናን ቤዞ የሚያጠና ጓደኛ አለኝ። እሱ ዓሣው አጠገብ ማስመሪያና የናሙና ቁጥር ካላስቀመጠ ፎቶውን አይቆጥረውም። ልክ ነው። ሐይቁ ውስጥ ያሉት የቤዞ ዝርያዎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ መጠንና ቁጥር የሌለው የዓሣ ፎቶ ለምሳ እንጂ ለጥናት አይሆንም። እምቦጭ የሚከታተሉ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አላቸው። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ዳርቻው ምን ያህል እንደተቀየረ በፎቶ ማሳየት የሚችለው ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ደጋግሞ ያነሳ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የቆሙበትን ድንጋይ ሳይቀር ይመዘግባሉ።

ፎቶውን ሌላ ሰው የሚያነሳላችሁ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ ይህንን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። በቃል የነገራችሁት ደሴቱን ሲረግጥ ይጠፋዋል።

3. የዚያኑ ማታ

ደክሟችኋል። ፀሐዩም ጀልባውም አናት አዙሯል። መብራትም ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ከመተኛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡ። ነገ ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ኮፒ አድርጉ። "ከት" ሳይሆን "ኮፒ"። ሲጨርስ የሁለቱን ፎልደር ብዛትና መጠን አስተያዩ። ካርዱ ላይ 312 ፋይል ካለ ላፕቶፑም ላይ 312 መሆን አለበት። ባይቱም እኩል ይሁን። ሁለት ቦታ መቀመጡን ሳታረጋግጡ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ።

የእኛ ትልቁ ጣጣ ቴሌግራም ነው። ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ እኔም አልተውኩትም። ግን "ፎቶ" ብላችሁ ስትልኩት ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ውስጡ የነበረውን የተነሳበትን ቀንና ቦታ ያጠፋዋል፤ ስሙንም ይቀይረዋል። የእኔ 312 ፎቶዎች በረጅም ጎናቸው 1280 ፒክስል ሆነው ነው የደረሱኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ዋናዎቹን ስልኩ ሞልቶበት አጥፍቷቸዋል። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ "እንደ ፋይል" ላኩት። ሳይነካ ይደርሳል። ከዚህ የሚሻለው ግን በኬብል መገልበጥ ነው።

ከዚያ ደብተራችሁን ክፈቱና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያያችሁ ጎደሎውን ሙሉ። ያቺ ማታ ሁሉንም ታስታውሳላችሁ። በሳምንቱ ግማሹን። ከወር በኋላ "በግራ በኩል መሰለኝ" ትላላችሁ።

4. ስም ማውጣት

የፋይል ስም ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ቦታ፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር። ለምሳሌ፦

ክብ_2023-01-21_001

"ክብ" ክብራን ነው። ለኡራ "ኡራ"፣ ለናርጋ ሥላሴ "ናር" ብያለሁ። እዚህ ለንባብ እንዲመች በፊደላችን አስቀመጥኩት እንጂ ፋይሉ ላይ የምጽፈው በላቲን ፊደል ነው። ዚፕ ተደርጎ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደላችን አንዳንዴ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ቀኑ ከዓመት ይጀምራል፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ ራሳቸው በቀን ይሰለፋሉ። ተራ ቁጥሩ ዜሮ ይቅደመው፤ "1፣ 2፣ 10" ካላችሁ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 ፊት ያቆመዋል። ክፍት ቦታና እዝባር (/) አታስገቡ። ዊንዶውስ እዝባርን ጨርሶ አይቀበልም። አንድ በአንድ መቀየር አያስፈልግም፤ ዲጂካም የመቶውን ፎቶ ስም በአንዴ ይቀይራል።

ስሙ ውስጥ የማይገባው ነገር ደግሞ አለ፤ የእናንተ ግምት። ያንን ፈረሰኛ ቅዱስ መጀመሪያ "ጊዮርጊስ" ብዬ ሰይሜው ነበር። ፎቶው ውስጥ ብርሃን ስለሌለ ፈረሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አልለይም። ኋላ ምስሉን ሳበራው ፈረሱ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። በሥዕል ባህላችን ጊዮርጊስ የሚጋልበው ነጭ ፈረስ ነው፤ ጥቁሩ የመርቆሬዎስ ነው። እስከዚያ ድረስ "ጊዮርጊስ" የሚለው ስም በሦስት ፎልደር፣ በሁለት የምዕራፍ ረቂቅና ለአማካሪዬ በላክሁት ኢሜይል ውስጥ ተሰራጭቷል። ማን እንደሆነ የሚገልጸው ነገር መዝገብ ውስጥ ይግባ፤ እዚያ በአንድ ቦታ ይታረማል። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው አይነካም።

አንድ ቁጥር ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሃመርሽሚት የተባለ ተመራማሪ የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሳ። ለመጻሕፍቱ "ጣናሴ" እያለ ቁጥር ሰጣቸው፤ የጣና ሐይቅ ማለት ነው በጀርመንኛ። የክብራኑ አራቱ ወንጌል "ጣናሴ 1" ነው። ዛሬም ስለ መጽሐፉ የሚጽፉ ምሁራን በዚሁ ቁጥር ይጠሩታል።

5. መዝገቡ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ፎልደር ሺህ ጊዜ ብታስተካክሉ መዝገብ ከሌለ ፎቶው ዲዳ ነው።

በኤክሴል ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ መስመር። ዓምዶቹ የእኔ እንዲህ ናቸው፦ የፋይል ስም፣ ገዳም፣ የቤቱ ክፍል (ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ)፣ ግድግዳ፣ ረድፍ፣ የሚታየው ነገር፣ ማን ነው የምለው፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ፣ ማን አነሳው፣ ፈቃድ፣ ማስታወሻ። "የሚታየው" እና "ማን ነው የምለው" ሁለት ዓምድ መሆናቸውን ልብ በሉ። የሚታየው "በጥቁር ፈረስ የተቀመጠ፣ ጦር የያዘ ሰው" ነው። የምለው "መርቆሬዎስ" ነው። የመጀመሪያው አይለወጥም። ሁለተኛው ሊለወጥ ይችላል።

ቀኑ ላይ ኤክሴል ያሳብዳል። ጥር 13 ቀን 2015ን "13/5/2015" ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል የፈረንጅ ሜይ 13 ቀን 2015 አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ዝም ብሎ ጽሑፍ ያደርገዋል። በማግስቱ "14/5" ብትሉ ያው ነው፤ በዋዜማው "12/5" ካላችሁ ግን ዲሴምበር 5 ያደርግላችኋል። አንዱ ዓምድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ስህተት። ጳጉሜን የሠራ ሰው ምን እንደሚገጥመው ገምቱ። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ የፈረንጅ ቀን፣ 2023-01-21 ተብሎ። ሁለተኛው የእኛ፣ "ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም." ተብሎ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። ወሩን በፊደል የጻፋችሁት ኤክሴል ሊነካው አይችልም።

ሌላው ሞክሼ ፊደል ነው። አንድ ቀን "ሥላሴ" ትጽፋላችሁ፣ በሌላው "ስላሴ"። "ዐፄ"፣ "አፄ"፣ "ዓጼ"። "ሐይቅ"፣ "ሀይቅ"። ለእኛ ዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ቃል ነው። ስትፈልጉ ግማሹ አይመጣም፣ የሌለ ይመስላችኋል። እኔ አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር አለኝ። የገዳማቱ፣ የቅዱሳኑ፣ የግድግዳው ስም አንድ ጊዜ ተወስኖ ተጽፏል። ከዚያ እየገለበጥኩ እለጥፋለሁ እንጂ አልተይብም። የኤክሴልን መምረጫ ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ይኼንኑ በቀላሉ ያደርገዋል።

ፎቶው ከ200 ካለፈ ግን ወደ ትሮፒ ተሸጋገሩ። ትሮፒ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የዋቢ ጽሑፎች ማደራጃውን ዞተሮን የሠራው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ለተመራማሪዎች ያወጣው። ላፕቶፕ ላይ ስለሚሠራ ኔትወርክ ቢጠፋም ግድ የለውም። የወደድኩለት ነገር አምስት ፎቶን በአንድ ስር ማሰባሰቡ ነው። የመርቆሬዎስ ሙሉ ምስል፣ ፊቱ፣ ፈረሱ፣ ከበላዩ ያለው ጽሑፍና የተቀደደው ጠርዝ አንድ ዕቃ ሆነው ይቀመጣሉ፤ መረጃውን አንድ ጊዜ ትሞላላችሁ። ከፎቶው ላይ ትንሽ ክፍል ለይታችሁ ማስታወሻ መጻፍም ይቻላል። የግዕዙን ጽሑፍ አንብባችሁ እዚያው ጎኑ ላይ ማስፈር ትችላላችሁ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። ቀጥሎ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ዓምዶች የያዘ የራሳችሁን ቅጽ ሥሩ፤ ምርጫዎች ውስጥ "ቴምፕሌት" የሚል አለ። የተዘጋጀው ቅጽ ለመዝገብ ቤት ሰነድ የተሠራ ስለሆነ ሳጥንና ፎልደር ይላል፤ እኛ ግድግዳና ረድፍ ነው የምንፈልገው። ከዚያ ፎቶዎቹን ጎትታችሁ አስገቡ። አንድ ሥዕል የሆኑትን መርጣችሁ አዋህዱ። መረጃውን ሙሉ። ብዙዎቹን በአንዴ መርጣችሁ "ክብራን" ብትሉ ለሁሉም ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ፎቶዎቹ ወደ ውስጥ ይገልበጡ ወይስ ባሉበት ይሁኑ የሚል ምርጫ አለ። ባሉበት ካላችሁ ትሮፒ የሚያስታውሰው አድራሻቸውን ብቻ ነው። ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ ስታዛውሩ "ፎቶው የለም" ይላችኋል። እንግዲህ መጀመሪያ ፎልደሩን አደራጁ፣ ከዚያ አስገቡ፣ ከዚያ አትነካኩ። በየወሩ ደግሞ መዝገቡን ወደ ውጭ ላኩትና ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ፕሮግራም መጥቶ ይሄዳል።

6. ሦስት ቦታ

ፎቶግራፈሮች ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላሉ። የእኔ ላፕቶፕ አንድ፣ ሃርድ ዲስክ ሁለት፣ ሦስተኛው ጉግል ላይ ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ኢሜይላችሁንም ስለሚቆጥር ቶሎ ይሞላል። የስልክ ፎቶ አንዱ 4 ሜጋባይት ነው ብንል 312ቱ ከ1.2 ጊጋባይት በላይ ናቸው። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፤ ግቢ ዋይፋይ ማታ ሲለቀቅ ይሻላል። ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ አስቀምጡ።

ፍላሽ ማስቀመጫ አይደለም። ፍላሽ መኪና ነው፤ ያደርሳል እንጂ አያስቀምጥም። አንዴ ለማሳተም ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፍላሼን ሰካሁ። ሲመለስ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም ነበር፤ ግን ይህንን እስካውቅ ድረስ አንድ ሌሊት አልተኛሁም። ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የካሜራ ካርድ እዚያ አይሰካም።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ፎልደር ይኑራችሁ፦ "ዋናው" እና "መሥሪያ"። ዋናው ውስጥ ያለ ፎቶ አይቆረጥም፣ አይበራም፣ አይሽከረከርም። ጄፔግ ተከፍቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ማስተካከል ሲያምራችሁ ወደ መሥሪያ ገልብጣችሁ እዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

7. ጽሑፉ ውስጥ ሲገባ

ለኅትመት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው 300 ዲፒአይ ነው፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው። 15 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ምስል 1772 ፒክስል ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኔ የቴሌግራም ፎቶዎች 1280 ስለሆኑ ከ10.8 ሴንቲሜትር በላይ ሲሰፉ ይደበዝዛሉ። ጓደኛዬን ያን ቀን ብዙ ነገር አልኩት።

ዎርድ ደግሞ ሳይነግራችሁ ምስል ያሳንሳል። አማራጮች ውስጥ ገብታችሁ "ምስል አታመቅ" የሚለውን ምረጡ። የምስል ቁጥር በእጅ አትጻፉ፤ በዎርድ የመግለጫ ማስገቢያ ይሁን። አማካሪያችሁ "ይህን ምስል አውጣው" ሲሉ ቀሪዎቹን ቁጥሮች በአንዴ ማደስ ይቻላል። እሳቸው ደግሞ ማለታቸው አይቀርም።

መግለጫው ከመዝገቡ ይገለበጣል፦ "ምስል 4.2፦ ቅዱስ መርቆሬዎስ፣ መቅደስ፣ ሰሜን ግድግዳ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም."። በመጨረሻ ያነሳው ሰው ስም ይቀመጣል። እኔ ያልገባሁበትን ቦታ ፎቶ "በአጥኚዋ" ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ምስሉን አብርታችሁ ከሆነም ጻፉት። መላውን ምስል ማብራት ይፈቀዳል፤ የተቀደደውን መሙላት አይፈቀድም።

ሰው የሚታይበት ፎቶ ከሆነ የሰውየውን ፈቃድ ለብቻው ያዙ፤ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ዕቃ ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ለሕዝብ ሲወጣ ደግሞ መጽሐፉ ወይም መስቀሉ የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ነገር አይኑርበት። ሌባም ያነባል።

8. ወደ ገዳሙ መመለስ

ጥናቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹ ለገዳሙ ይሰጣሉ። ፍላሽ ብቻ መስጠት ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ኮምፒውተር በሌለበት ምን ያደርጉታል? እኔ አንድ ገጽ ላይ 12 ትንንሽ ፎቶ እየደረደርኩ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥሩን ጽፌ አሳተምኩ። ማውጫ ሆነ ማለት ነው። 41ዱን የጠፉትን ደግሞ ለብቻቸው አራት ገጽ አደረግኋቸው። ከሥራቸው ባዶ መስመር ተውኩ። ጓደኛዬ ይቅርታውን ይዞ እንደገና ወጣ፤ እኔ እንደ ልማዴ ጀልባው ላይ።

አንድ አዛውንት አባት ገጾቹን ይዘው ፎቶ በፎቶ መቅደሱን ዞሩት አለኝ። በእርሳስ እየጻፉ። "ምዕራብ፣ ከበሩ በላይ።" "ሰሜን፣ ከታች ሁለተኛው።" አንዱ ላይ "ይህ እዚህ ቤት ያለ አይደለም" ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ጓደኛዬ ከሌላ ጉዞው የቀላቀለው የኡራ ፎቶ ነበር። 29ኙ ቦታቸውን አገኙ። 11ዱ መዝገቤ ላይ አሁንም "ግድግዳ፦ ያልታወቀ" ይላሉ።